በባሕር ማዶ ስላረፉት የበረራ መምህር አባይነህ እንደሻውና ስለ ዘገየው መርዶ

ከሐረር የበረራ ትምህርት ቤት መምህራንና ተማሪዎች ማኅበር
ለማኅበሩ አባሎችና ለሐረር ከተማ ክርስቲያንና እስላም ነዋሪ ሁሉ
ሐረር፣ ግንቦት 9 ቀን 1927 ዓ.ም.

የትምህርት ቤታችን የመጀመሪያው የበረራ መምህር የነበሩት አባይነህ እንደሻው፣ በማዳጋስካር ደሴት በአንድ የሕሙማን ረድኤት ሚሲዮን ውስጥ በአብራሪነት ሲያገለግሉ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1927 ዓ.ም. በሠላሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩ መሆናቸውን በጽኑ ኀዘን እናስታውቃለን። ኀዘን ብቻ ብለን ብንተወው ደስ ባለን ነበር። ከኀዘኑ ጋር እፍረት አለብን፤ እሱንም አብረን እናስታውቃለን።

በታኅሣሥ የሞተ ሰው በግንቦት ይነገራል ወይ የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው። ይህ መግለጫ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው በየካቲት ወር በኤረር በርና በትምህርት ቤታችን መግቢያ ተለጥፎ ከተማው ሁሉ አንብቦታል። እሱን አንሥተነዋል። ያነሣነው ቃሉ አላምር ብሎን አይደለም፤ ውስጡ ውሸት ስለ ነበረበት ነው። ውሸቱ ምን እንደ ነበር በቦታው እንናገራለን። አስቀድሞ ግን የሰውየውን አገልግሎት መናገር ይገባል፤ እሳቸውን በእኛ ጥፋት ሸፍነን ሁለተኛ ልንበድላቸው አንፈልግም።

መምህር አባይነህ ከአባታቸው ከአቶ እንደሻውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተማርያም በ1893 ዓ.ም. በፈላና በር አጠገብ ተወለዱ። ሁለቱም ወላጆቻቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። አባታቸው ከሸዋ ከመጣው ሠራዊት ጋር ሐረር ገብተው በዚያው የቀሩ ወታደር ነበሩ። ልጃቸው ግን ያደጉት ከከተማው ግንብ ውስጥ ልጆች ጋር ነው። የከተማውን ቋንቋ እንደ አማርኛ አቀላጥፈው ይናገሩ ስለ ነበር፣ ጊደር መጋላ ገበያ ገብተው ዋጋ ሲከራከሩ እንግዳ ነው ብሎ የሚያስወድድባቸው ነጋዴ አልነበረም።

በ1911 ዓ.ም. ድሬዳዋ ወርደው የባቡር ሞተር ጥገና ተማሩ። በ1919 ዓ.ም. ወደ ፈረንሳይ አገር ተሻግረው የበረራ ትምህርት ጀመሩ፤ በ1922 ዓ.ም. የአብራሪነት ምስክር ወረቀት ይዘው ተመለሱ። በተመለሱ በዓመቱ ወይዘሮ ሰገነት ለገሠን አገቡ።

በ1923 ዓ.ም. ትምህርት ቤታችን ከኤረር በር ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ሲከፈት፣ ሁለት መቀመጫ ያለው አንድ አውሮፕላን፣ ስድስት ተማሪዎችና አንድ መምህር ነበሩት። መምህሩ እሳቸው ነበሩ። ተማሪዎቹን መጀመሪያ የወሰዷቸው ወደ አውሮፕላኑ ሳይሆን ወደ ጊደር መጋላ ነው። ሴቶቹ እህል ሲያነፍሱ ገለባው ወዴት እንደሚበር፣ ነፋሱ ከግንቡ ጋር ተላትሞ እንዴት እንደሚዞር ቆማችሁ ተመልከቱ አሏቸው። ሴቶቹ ሳቁብን። በዚያ ቅመም የሚሸጡት ወይዘሮ ፈሂማ «ነፋስ በነጻ አይታይም፤ ሰፌዱን ያዙና አንፍሱ» አሉን፤ መምህራችንም «እውነታቸውን ነው» ብለው አስያዙን። የመጀመሪያው የአብራሪዎች ትውልድ ገበያ መሐል ቆሞ ስንዴ ሲያነፍስ ከተማው ተዝናንቶበታል። ዛሬ ግን ከመካከላችን ነፋሱን ሳያይ የሚነሣ አብራሪ የለም።

አውሮፕላን ማንሣት ማንም ያነሣል፣ እስቲ ማውረዱን አሳየኝ ይሉ ነበር። ተማሪ ሲያጠፋ አይቆጡም። ሞተሩን አጥፍተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ያ ዝምታ ከስድብ ይብሳል።

በጥር ወር 1925 ዓ.ም. ከአንድ ተማሪ ጋር ወደ ጅጅጋ አቅጣጫ ሲበሩ፣ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሰዎች ጨርቅ ሲያውለበልቡ ከላይ አዩ። ሜዳው ላይ ወረዱ። ቅመም ሊያመጡ የሄዱት ወይዘሮ ፈሂማ ጭናቸው ተሰብሮ ደም ይፈሳቸው ነበር። መምህር አባይነህ ተማሪውን «ውረድ» አሉት፤ ሴትዮዋን በእሱ መቀመጫ በነጠላ አስረው ሐረር ወደ ሐኪም ቤት አደረሱ። ወይዘሮ ፈሂማ እግራቸውን ትንሽ ያነክሳሉ እንጂ ዛሬም በሱቃቸው አሉ። ተማሪው ከግመል ነጋዴዎች ጋር በሦስተኛው ቀን ከተማ ገባ፤ በመንገዱም ሁሉ መምህሩን ሲሳደብ ነበር። ያ ተማሪ ይህን መግለጫ የሚጽፈው የማኅበሩ ጸሐፊ ኪዳነወልድ ነው።

ትምህርት ቤቱ ስለዚህ ሥራ ምስጋና አልሰጠም። የትምህርት ቤቱ ሹም ቀኛዝማች ኃይለመስቀል በጉባኤ ፊት አቁመው «አውሮፕላን ቃሬዛ አይደለም» ብለው ገሠጿቸው። መምህር አባይነህም «ቃሬዛ ቢሆን ምን ይጎድልበታል?» ብለው መለሱ። እኛ ተማሪዎች ሳቃችንን ዋጥን እንጂ ከጎናቸው አልቆምንም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መምህራችን ተማሪ የሚቀመጥበትን የፊቱን መቀመጫ የበሽተኛ ቦታ አድርገው ያዩት እንደ ነበር በኋላ ነው የገባን።

በየካቲት ወር 1926 ዓ.ም. ሥራቸውን ለመልቀቅ ጠየቁ። በማዳጋስካር ያለው ሚሲዮን ከተራራ ላይ ሰፈሮች በሽተኛ የሚያወርድበት አውሮፕላን አግኝቶ አብራሪ አጥቶ ነበር። ቀኛዝማች ኃይለመስቀል ስንት ተማሪ ሜዳ ላይ ጥለው ለማን አገር ሰው ነው የሚሄዱት አሏቸው። እሳቸውም «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አውቃለሁ። እዚህ ግን እኔ ብሄድ ሌላ መምህር ይመጣል፤ እዚያ በሽተኛውን የሚያነሣ የለም» አሉ። ሁለተኛውን ትውልድ ሳያስጨርሱ አልሄዱም። እስከ ሚያዝያ ቆይተው፣ ጠዋትም ማታም አብርረው፣ የመጨረሻውን ተማሪ ብቻውን አስነሥተው ካሳረፉ በኋላ ነው የሄዱት።

እኛ ግን ጥሎን ሄደ አልን። ስማቸው ከመምህራን ሰሌዳ ላይ ተፋቀ። ተማሪ ድሬዳዋ ወርዶ እንዳይሸኛቸው ተከለከለ፤ ከልካዩን ሰምተን ቀረን። ከዚያም ከተማው ውስጥ «ኮተለከ፣ ሃይማኖቱን ለወጠ» የሚል ወሬ ሲነሣ፣ ጾማቸውን እንዴት እንደሚጾሙ የምናውቅ ሰዎች አፋችንን ይዘን ተቀመጥን።

ወይዘሮ ሰገነት በዓመቱ ሊከተሏቸው ተስማምተው ነበር። ሲለያዩ እርጉዝ መሆናቸውን ሁለቱም አያውቁም ነበር። ኅዳር 12 ቀን 1927 ዓ.ም. ሴት ልጅ ተወለደች። የምሥራቹን በትምህርት ቤቱ በኩል በቴሌግራም ላክን፤ መልሱም በሳምንቱ መጣ። ጽጌሬዳ በሏት የሚል ነበር። ከመምህር አባይነህ የመጣ የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ታኅሣሥ 5 ቀን መድኃኒት ጭነው ብቻቸውን ሲበሩ ጉም በሸፈነው ተራራ ላይ አውሮፕላናቸው ተከሰከሰ። ከሚሲዮኑ የመጣው ቴሌግራም ሞታቸውን ነግሮን አንድ ነገር ጠየቀ። ቤተሰቡ አስከሬኑን ከፈለገ በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ተደርጎ በዚያው ሳምንት በሚነሣው መርከብ ወደ ጅቡቲ ይላካል፤ ካልፈለገ እዚያው ይቀበራል፤ መልሱን ፈጥናችሁ አስታውቁን የሚል ነው።

ጉባኤው ተቀመጠ። ቀኛዝማች ኃይለመስቀል፣ ለትምህርት ቤቱ ቤንዚን የሚያቀርቡት የጉባኤው አባል ሐጂ ታጁዲንና ጸሐፊው ነበሩ። የወይዘሮ ሰገነት ጎረቤትና አዋላጅ ወይዘሮ በለጡም ለምክር ተጠሩ። እሳቸው ነገሩን በአንድ ቃል ቆረጡት። «አራስ ናት። መርዶ ከሰማች ወተቷ ይነጥፋል። አባትየውን ቀብራችሁ ሕፃኗን ልታስከትሉ ነው?» አሉ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሴት ልጅ የወለደች አራስ ሰማንያ ቀን ሞልቶ ክርስትና ሳይነሣላት ክፉ ወሬ አይነገራትም፤ አባቶቻችንም እናቶቻችንም ያደረጉት ነው። ሐጂ ታጁዲን «በእኛም ዘንድ አራስ ትጠበቃለች። ግን የቴሌግራሙን መልስ ማን ይመልሳል?» ብለው ጠየቁ። ቀኛዝማች ኃይለመስቀል «እኛው ቤተሰቡ አይደለንም ወይ?» አሉ።

ያን ጊዜ አይደለንም ያለ ሰው አልነበረም። የጸሐፊው እጅ «ቤተሰቡ ፈቅዷል። እዚያው ይቀበር» ብሎ ጻፈ፤ ቴሌግራሙ ሄደ።

ይህን ያደረግነው ለአራሷ አዝነን ነው ብለን ለብዙ ጊዜ ራሳችንን አጽናንተናል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሌላ ነው። አስከሬኑ ቢመጣ ድሬዳዋ ወርዶ መቀበል፣ ሬሳውን አጅቦ ሐረር መግባት፣ ሲሄዱ ያልሸኘናቸውን ሰው ሲመለሱ ፊት ለፊት ማየት ነበረብን። ጥሎን የሄደ ሰው እዚያው ይቅር የሚል ቂም በልባችን ነበረ። ያን ቂም በአራሷ ወተት ሸፈንነው።

የጀመርነው ውሸት ሌላ ውሸት ወለደ። የባላቸው ደብዳቤ ለምን ቀረ ብለው ወይዘሮ ሰገነት ሲያስጠይቁ ባሕሩ ማዕበል ነው፣ መርከቡ ዘግይቷል አልን። ለገና ድርቆሽና በርበሬ በከረጢት ሰፍተው «አድርሱልኝ» ብለው ላኩብን። እናደርሳለን ብለን ተቀበልን። ከረጢቱ ቤንዚን ቤት ውስጥ ተቀመጠ፤ ወደዚያ የሚገባ ሰው ሁሉ ዓይኑን እያዞረ ያልፈው ነበር።

ጥር 15 ቀን የመምህር አባይነህ አርባቸው ነበር። ሳይወጣ አለፈ። ፍትሐት ቢደረግ ወሬው ከቅዳሴ ከሚመለሰው ሰው ጋር አራሷ ቤት ይገባል ብለን ከለከልን። የሕያዋኑን ሰማንያ እንጠብቃለን ብለን የሟቹን አርባ በላን። ሁለቱ ሲጋጩ ምን ይደረጋል ብለን የጠየቅነው አዋቂ የለም፤ መልሱን ስለ ፈራን አልጠየቅንም።

የካቲት 2 ቀን የሕፃን ጽጌሬዳ ክርስትና ሆነ። ተጠርተን ሄድን። በላን፣ ጠጣን፣ «አባቷን በሰላም ያምጣልሽ» ብለን መረቅን። ወይዘሮ ሰገነት እልል አሉ። ወይዘሮ ፈሂማም ከጊደር መጋላ ስጦታ ይዘው መጥተው ነበር። ወሬውን በዚያው ቀን ከሐጂ ታጁዲን ቤት ሰምተው ስለ ነበር እህል አልቀመሱም። ሲወጡ ቀኛዝማች ኃይለመስቀልን ከበሩ ላይ አግኝተው የተናገሩት ቃል ማኅበራችን ውስጥ ሲደጋገም ይኖራል። «እሱ እኔን ከሜዳ አንሥቶኛል። እናንተ እሱን ከሜዳ አላነሣችሁም» አሉ።

የካቲት 4 ቀን ከመንጋቱ በፊት ነጠላችንን አዘቅዝቀን ደጃቸው ቆምን። ወይዘሮ ሰገነት ልጃቸውን እንዳቀፉ ከፈቱ። አዩን። አልጮኹም። «መቼ?» አሉ።

መርዶ ነጋሪ የሚዘጋጀው እንዴት ለሚል ጥያቄ ነው። መቼ ለሚለው ማናችንም አልተዘጋጀንም። ሽማግሌው ሁሉ መሬት መሬት ሲያይ ሐጂ ታጁዲን «ታኅሣሥ 5፤ አላህ ይርሐመው» አሉ። ወይዘሮ ሰገነት «የገና ስንቄን ታዲያ ማን በላው?» አሉ። ቀጥለውም «እኔ እልል ስል እናንተ ዓይናችሁን የት አድርጋችሁት ነበር? ባሌን እስከ ክርስትናዋ ድረስ በሕይወት አቆያችሁልኝ፤ ማን ለመናችሁ?» አሉ። ልቅሶው የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

በልቅሶው መካከል አስከሬኑን አምጡልኝ አሉ። ያን ጊዜ ተቀብሯል ማለት ግድ ሆነ። በማን ፈቃድ አሉ። በእርስዎ ፈቃድ ብለን ጽፈናል ማለት ግድ ሆነ።

ወይዘሮ በለጡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወይዘሮ ሰገነት ቤት አልተለዩም። የፈሩት አልደረሰም፤ ወተቱ አልነጠፈም። ሕፃን ጽጌሬዳ ዛሬም ትጠባለች። ወይዘሮ በለጡ ይህን ሲናገሩ ደስታቸውና ጸጸታቸው አይለይም፤ «ያውላችሁ፣ ጠንካራ ነበረች፤ እኛ ነን ያልቻልነው» ይላሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በዚያው ሳምንት የለጠፍነው የመጀመሪያው መግለጫ «አስከሬናቸው በቤተሰባቸው ፈቃድ ባረፉበት አገር በክብር ተቀበረ» ይል ነበር። ወይዘሮ ሰገነት በኤረር በር ሲያልፉ አነበቡት። ልጃቸውን አዝለው ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ። ጸሐፊው ወንበር ሲሰጣቸው አልተቀመጡም። «ኀዘናችሁን አልፈልግም። ፈቃዴን መልሱልኝ» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ገብቶን መግለጫውን አነሣን። እንዴት እንደሚመለስ ግን አላወቅንም ነበር። የተቀበረ ሰው ነው። የሄደ ቴሌግራም ነው።

በሚያዝያ ወር ከሚሲዮኑ አባት ረጅም ደብዳቤ መጣ። መምህር አባይነህ ማተባቸው በአንገታቸው እንዳለ መገነዛቸውን ይናገራል። በአውሮፕላኑ የወረዱ በሽተኞች ስንት መንገድ በእግራቸው ተጉዘው ለቀብር እንደ መጡም ይናገራል። ከዚያ ስለ አገሩ ልማድ ጻፈ። በዚያ ተራራ ላይ በሚኖሩ ሰዎች ዘንድ ሰው ከአገሩ ርቆ ቢሞት ዘመዶቹ ዓመታት ቢያልፉም መጥተው መቃብሩን ያስከፍታሉ፣ አፅሙን በአዲስ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ አባቶቹ ቦታ ይወስዳሉ። ሬሳውን ያልፈለገ ዘመድ በሰው ፊት አይቆምም፤ ከዚህ የባሰ ውርደት የላቸውም።

የሰፈሩ ሰዎች የሚሲዮኑን አባት «የዚህ ሰው ወገኖች መቼ ይመጣሉ?» ብለው ጠየቁት። ሴት ልጅ እንደ ተወለደችላቸው መምህር አባይነህ ራሳቸው በየቤቱ እየዞሩ ነግረዋቸው ነበርና፣ ወገን እንዳላቸው ያውቃሉ። እሱም የእኛን ቴሌግራም አነበበላቸው። ከዚያም አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እንግዲያው የኛ ይሁን» አሉ፤ ከራሳቸው ዘመዶች መቃብር አጠገብ አኖሯቸው።

ይህ ደብዳቤ በጉባኤው ፊት ሲነበብ ቀኛዝማች ኃይለመስቀል አለቀሱ። ከዚያ ተነሥተው ራሳቸው ወደ ወይዘሮ ሰገነት ቤት ይዘውት ሄዱ። ጸሐፊው እንዲያነብላቸው ፈልገው ነበር፤ ወይዘሮ ሰገነት ግን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት። ከዚህ ወዲያ በእሳቸው ስም የሚነበብ ነገር በሌላ ሰው አፍ አያልፍም።

ስለዚህ ማኅበራችን ለሕዝብ የሚከተለውን ያስታውቃል። በየካቲት የተለጠፈው መግለጫ ሐሰት ነው፤ የመምህር አባይነህ ቤተሰብ አስከሬኑ እዚያ እንዲቀር አልፈቀደም፣ አልተጠየቀምም። የመምህር አባይነህ ስም በሰሌዳው ላይ ወደ ነበረበት ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመልሷል። ከእንግዲህ በትምህርት ቤቱ አውሮፕላን ሲበር በመንገዱ በሽተኛ ያገኘ መምህር ተማሪውን አስወርዶ በሽተኛውን ይጭናል፤ ተማሪው እንደምንም ይመጣል፣ ከልምድ እናውቃለን።

አርባቸው በጊዜው ስላልወጣ ወይዘሮ ሰገነት በፈቀዱት ቀን ፍትሐት ተደርጓል። ሙት ዓመታቸው ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በፈላና በር በቤታቸው ይሆናል፤ በጠረፉ የሚሰማው የጦርነት ወሬ ከፍቶ ብንበተን እንኳ በሕይወት ያለ የማኅበሩ አባል እንዳይቀር አደራ እንላለን። ወይዘሮ ፈሂማ አፅሙ የሚጠቀለልበትን ጨርቅ እኔ ነኝ የምገዛው ብለዋል፤ ገዝተውም ለወይዘሮ ሰገነት ሰጥተዋል። የገናው ከረጢትም ከቤንዚን ቤት ወጥቶ ለባለቤቱ ተመልሷል። ወይዘሮ ሰገነት ድርቆሹን አልጣሉትም።

ለወይዘሮ ሰገነት ለገሠና ለሕፃን ጽጌሬዳ አባይነህ እግዚአብሔር መጽናናቱን ይስጥልን። ለመምህር አባይነህ ተማሪዎችና ባልደረቦች፣ በጊደር መጋላም ሰፌድ ላስያዙን ሁሉ፣ ያው ኀዘን የጋራችን ነው። ስማቸውን ለማናውቀው ባርኔጣቸውን ላወለቁት ሽማግሌና ለሰፈራቸው ሰዎችም መጽናናትን እንመኛለን። የእኛን ሰው የቀበሩት እነሱ ናቸውና ለቅሶ የሚደረሰው ለእነሱም ነው። የምንለምነው ይቅርታ አለ፤ የምንለምነውም ወይዘሮ ሰገነት እስኪሰጡን ድረስ ነው እንጂ ዛሬውኑ ስጡን አንልም።

ይህ መግለጫ ከመለጠፉ በፊት ለወይዘሮ ሰገነት ተሰጥቶ አንብበውታል። ሁለት ቃል ሰርዘዋል፤ የተሰረዘው እኛን የሚያመሰግነው ነበር። ከዚያም ከጸሐፊው ጋር ቴሌግራም ቤት ድረስ ሄዱ። እሳቸው ተናገሩ፣ ጸሐፊው አንድ ፊደል ሳይጨምር ጻፈ። በዚህ መጨረሻ ላይ እንዲወጣ ያዘዙትም ይህንኑ ነው።

«ለሽማግሌው። ወገን አለው። ሚስቱ ሰገነት ነኝ። ያልፈለግሁት መስሏችሁ ነበር፤ የነገሩኝ ዘግይተው ነው። ልጃችን እስክትጠነክር አቆዩልኝ። ጨርቁን ይዤ እመጣለሁ።»